የፈሪው ተኳሽ ለቅሶ

«ክፈቱልኝ» አለች ኡና ሩዌን።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሳጥኑ በታችኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በሁለት ወንበሮች ላይ ተጋድሟል። ክዳኑ ዙሪያውን በብሎን ተጠርቅሟል። ጎረቤቶቿ በራስጌውና በግርጌው ሻማ አብርተዋል፤ መስታወቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርደዋል፤ የግድግዳውን ሰዓት አቁመዋል። ለአንድ ለቅሶ የሚገባው ሁሉ ተደርጓል። የጎደለው የሟቹ ፊት ብቻ ነው።

«አይከፈትም እማ» አለ ፊንታን። «እንደዚህ ታሽጎ ነው የተሰጠኝ።»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ? ድንጋይ ሞልተውበት ቢሆንስ? የላከው እንግሊዝ ነው እኮ።»

«እሱ ነው።»

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ አንተ ያየኸውን፣ እኔ የወለድኩት ምን ሆኜ ነው የማላየው?»

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አሮጊቷ ሆኖር መቁጠሪያዋን እያንከባለለች፣ «ተዋት፣ ትንሽ ይውጣላት» የምትል ይመስል ለፊንታን ዓይኗን ጨፈነችለት። እሱ ግን ሊተዋት አልቻለም። ከእንግሊዝ የጦር ሰፈር ጀምሮ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሳጥኑን ሲያጅብ፣ መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ብሎኖቹን በእጁ ይነካካ ነበር። ብሎኑ ይላላ ይሆን? ክዳኑ ይንሸራተት ይሆን? የወንድሙን ፊት አልነበረም የፈራው። የካሃል ፊት ደኅና ነው። የፈራው እጆቹን ነው። እናቱ እጆቹን ካየች «ምን ሆኖ ነው?» ትላለች፤ እሱን ከመለሰላት ደግሞ ሌላው ነገር ሁሉ ተከትሎ ይመጣል።

እናቱ የምታውቀው እንዲህ ነው። ሁለቱ ልጆቿ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ተቀጥረዋል። ታናሹ ካሃል ቦምብ በሚጥሉት ትልልቅ አውሮፕላኖች ጅራት ላይ ተቀምጦ መትረየስ ይተኩሳል። ታላቁ ፊንታን ግን መካኒክ ነው፤ ምድር ላይ ሆኖ ሞተር ይጠግናል፤ እጁ ግራሶ እንጂ ደም አይነካውም። ፊንታን እንዲህ ብሎ ነበር የነገራት። ሞተር መጠበቁ እውነት ነበር። ሞተሮቹን የሚጠብቀው ከምድር ሳይሆን ከደመና በላይ ሆኖ መሆኑን ብቻ አልነገራትም።

«ነገ እናያለን» አለ በመጨረሻ።

«ነገ» አለች ኡና፣ እጇን ክዳኑ ላይ ዘርግታ። እጇን ሳታነሳ ተቀመጠች።

*

ሻይ በዚያ ሰሞን እንደ ወርቅ ነበር። አየርላንድ በጦርነቱ ባትገባም መርከብ እምብዛም አይደርስላትም። ለቀስተኛው ሁሉ ከየቤቱ ጥቂት የሻይ ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ እየያዘ ይመጣል፤ የሁሉም ሰው ሻይ በአንድ ማንቆርቆሪያ አብሮ ይፈላል። የእሳቱ ማገዶ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ አፈር ስለሆነ፣ ቤቱ የእርጥብ መሬት ሽታ ይዟል። ወንዶቹ ከሳህን ላይ ትንባሆ እያነሱ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሴቶቹ ምድጃው ዙሪያ ይንሾካሾካሉ።

«ያ ልጅ ግን እንዴት ብሎ ነው ሰማይ የወጣው?» ትላለች አንዷ። «ጀልባ ላይ መውጣት የሚፈራ!»

«'የእማ ቀሚስ' አልነበር የምንለው?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁለት፣ አፌን ይቁረጠውና።»

«እኔማ ፈሪ ልጅ ለእናቱ ይተርፋል ሲሉ እሰማ ነበር።»

«ዝም በይ፣ ትሰማለች!»

ፊንታን በሩ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። አልተቆጣም፤ ያሉት ልክ ነበር። ካሃል ሕፃን ሳለ ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል። አባታቸው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕሩ ከዋጠው ወዲህማ፣ ማዕበል ባለ ቀን እናቱን ቀሚሷን ይዞ አይለቅም። ሌሎቹ ልጆች ጀልባ ሲገፉ እሱ ዳር ቆሞ ስማቸውን እየጠራ ይቆጥራቸዋል፤ ሲመለሱም እንደገና ይቆጥራቸዋል። ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ መቁጠሩን ግን አያቋርጥም።

አንድ ቀን ይኸው ልጅ ሻንጣውን ይዞ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆሞ ፊንታን ሲያየው ዓይኑን ማመን አቃተው።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ተቀጠርኩ።»

«አብደሃል? አንተ እኮ ድመት ስታስነጥስ የምትደነግጥ ሰው ነህ!»

«አውቃለሁ» አለ ካሃል፣ ጆሮው ቀልቶ። «ግን ስለ አንተ እቤት ቁጭ ብዬ መፍራት ከዚህ ይብሳል። እማ መካኒክ ነው ትላለች። እኔ አላመንኩህም። በአንድ አውሮፕላን ከሆንን ቢያንስ የምፈራውን እያየሁ እፈራለሁ።»

ፊንታን ሊያባርረው ሞከረ፤ ሰደበው፤ ለመነው። ካሃል ጭንቅላቱን ደፍቶ ሰማውና ሲጨርስ፣ «ምሳ የት ነው የሚበላው?» አለ።

የአውሮፕላኑ አዛዥ ሄክተር የሚባል ዝምተኛ ካናዳዊ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አውሮፕላን ለመብረር ሲጠይቁት ብዙ አሰበና፣ «ለእናታችሁ አይበጅም፤ ለእኔ ግን ይበጀኛል። የጅራት ተኳሽ ዓይኑን የማይጨፍን ሰው ነው የምፈልገው» አለ።

ካሃል እውነትም ዓይኑን አይጨፍንም። ፈሪ መች ይተኛል?

*

በማግስቱ ቀትር ላይ ሰማዩ ጠራ። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያጨሳሉ። ከመንገዱ ማዶ፣ በድንጋዩ አጥር ላይ፣ ጀልባ ሠሪው ሽማግሌ ባርትሊ ብቻውን ተቀምጧል። ሳጥኑ ከመጣ ጀምሮ እዚያው ነው። በወጣትነቱ እንግሊዝን ሲወጋ የኖረ፣ ወንድሙን በእንግሊዝ ጥይት የቀበረ ሰው ስለሆነ፣ «እነሱ የላኩት ሳጥን ያለበት ቤት አልገባም» ብሏል። ወደ ቤቱም ግን አልሄደም። ኡና ምግብ ስትልክለት ይበላል።

ፊንታን ሻዩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። አንደኛው ጎረቤት ስለ ድንች ምርት ይጠይቀው ጀመር። ሊመልስለት አፉን ሲከፍት፣ ከባሕሩ በኩል ድምፅ መጣ።

መጀመሪያ ከጆሮው ይልቅ ጥርሱ ነው የሰማው። አራት ሞተር። ከዚያ ድምፁ ጎልቶ ወጣ። ውቅያኖሱን የሚቃኝ የእንግሊዝ አውሮፕላን ነበር፤ በየሳምንቱ የሚያልፍ፣ ዶሮዎቹ እንኳ ቀና ብለው የማያዩት። ወንዶቹ በግዴለሽነት ሰማዩን አዩ። ፊንታን ግን ሻዩ ከእጁ መቼ እንደወደቀ አያውቅም። ወደ ራሱ ሲመለስ ግድግዳው ሥር ተኮራምቷል፤ ቀኝ እጁ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ኮቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ አፍንጫው ላይ። የሚፈልገው ሰማይ ላይ የሚተነፍስበትን የአየር ጭምብል ነበር። አፉ ክፍት ነው፤ አየር ግን አልገባ አለው።

አንዱ ሊስቅ ጀመረና መሐል ላይ ተወው።

ፊንታን ቀና ሲል እናቱ በሩ ላይ ቆማለች። አውሮፕላኑን አየች፤ እሱን አየች። ሞተር የሚጠግን ሰው የሞተር ድምፅ ሲሰማ እንዲህ እንደማይሆን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። መንገዱን ተሻግሮ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች።

«ባርትሊ! ብሎን መፍቻ አለህ?»

ሽማግሌው ከአጥሩ ላይ ሳይነሳ፣ «የምን ብሎን ነው?» አለ።

«እንግሊዝ የዘጋው።»

ባርትሊ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «እንግሊዝ የዘጋውን መክፈት? ታዲያ ይህ ወጣትነቴን የጨረስኩበት ሥራ አይደለም እንዴ!» አለና ወረደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ቀልዱን ዋጠው። ቆቡን አወለቀ፤ አማተበ፤ ገባ።

«እማ፣ እባክሽ» አለ ፊንታን።

«ልጄን ሳላይ አልቀብርም። አባትህን ሳላይ ቀበርኩት፤ እሱን የከለከለኝ ባሕር ስለሆነ ነው። አንተ ባሕር አይደለህም። ዞር በልልኝ።»

ባርትሊ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የብረቱ ጩኸት ብቻ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ፊንታን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«የኔ ቆንጆ» የሚል ድምፅ ሰማ። «አንተዬ... የተኛ ነው እኮ የሚመስለው። ሆኖር፣ ነይ እዪው። ፀጉሩን ወዴት ነው ያበጠሩት? በዚህ በኩል አልነበረም የሚከፍለው።» ማበጠሪያ አስመጣች። ለረጅም ጊዜ ስታበጥረው ቆየች። ሆኖር የሙሾ ድምፅዋን አነሳች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ከዚያ በድንገት ኡና እጇን ከፍ አድርጋ ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። መቁጠሪያውን በጣቶቹ መሐል ልታደርግለት ብላ ነጩን ጨርቅ ገልጣ ነበር።

እጆቹ እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ከፋሻው ሥር የጣት ቅርፅ አልነበረም።

«ፊንታን» አለች። «ምን ሆኖ ነው?»

*

ፊንታን ነገሩን አንዴ ካወጣው በኋላ ማቆም አልቻለም።

ጠዋት ነበር፤ ቀኑም ዛሬን የመሰለ ብሩህ ነበር አለ። አዛዦቹ ካርታውን ሲገልጡ በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አቃሰተ። ዒላማው ጀርመኖች ከድንጋይ ከሰል ቤንዚን የሚያወጡበት ፋብሪካ ነበር። ጀርመን ከከተማዋ ይልቅ ነዳጇን ትጠብቃለች፤ ያለ ነዳጅ ታንኮቿ ብረት፣ አውሮፕላኖቿ ቆርቆሮ ናቸው። ባላት መድፍ ሁሉ ፋብሪካውን አጥራዋለች።

«ካሃል ምን አለ?» አለች ኡና።

«ምንም። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አደረገ። ከመነሳታችን በፊት ጎማው ሥር ሄዶ አስመለሰው። አንድም ቀን ሳያስመልሰው ተነስቶ አያውቅም፣ እማ። ከዚያ አፉን ይጠርግና ይገባል።»

«ከመነሳታችን» አለች እናቱ ቀስ ብላ።

«አዎ» አለ ፊንታን። «እኔም ነበርኩ። ሁልጊዜም ነበርኩ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ቀጥል» አለችው።

ፋብሪካው ከሩቅ ታየ። ከፊታቸው የሄዱት ቀድመው መትተውት ስለነበር ጢሱ እንደ ጥቁር ተራራ እነሱ እስከሚበሩበት ከፍታ ድረስ ወጥቷል። መድፉ ጀመረ። ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እየፈነዳ ይበዛል፤ ሄክተር ግን አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ቦምቡ እስኪወርድ ድረስ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማለት የለም። ያን ጊዜ ሰው የሚያስበው ነገር የለውም። ፊንታን የሞተሮቹን መለኪያዎች ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ከጅራቱ በንግግሩ ሽቦ የካሃል ድምፅ በጆሮው ይመጣል። ልክ እንደ ልጅነቱ ከኋላቸው የሚመጡትን አውሮፕላኖች ይቆጥራል። «አንዱ ወደቀ... ሌላውም ወደቀ... ፓራሹት አላየሁም... አንድ አየሁ፣ አንድ አየሁ!»

ቦምቡ ወረደ። አውሮፕላኑ ሸክሙን ጥሎ ሽቅብ ዘለለ። «ተገላገልን» አለ አንዱ። ያን ጊዜ ነው የተመቱት።

የአውሮፕላኑ መሐል ወገብ ላይ እሳት ተነሳ። የንግግሩ ሽቦ ተቆረጠ። የካሃል ድምፅ ጠፋ። ሄክተር ለመዝለል ተዘጋጁ የሚለውን መብራት አበራ፤ ፊንታን ደግሞ የእሳት ማጥፊያውንና ጭምብሉ ላይ የምትሰካውን ትንሽ የአየር ጠርሙስ ይዞ ወደ እሳቱ ሄደ። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ጭምብል ሰው አይቆይም። ሕመም የለውም፤ እንቅልፍ ይወስደውና በዚያው ይቀራል። የፊንታን ጠርሙስ በፍንጣሪ ተመትታ ኖሯል። አላወቀም። እሳቱን ሲታገል ዓለም ጠበበችበት፤ ወደቀ።

«የቀረውን ያየው የሬዲዮ ሠራተኛው ነው» አለ። «ካሃል ከእሳቱ በስተኋላ ነበር። በሩ ከጀርባው ነው። ፓራሹቱን አድርጓል፤ መብራቱ ዝለል ይለዋል። ወደ ኋላ መገልበጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዛሬ ምርኮኛ ሆኖ በሕይወት ይኖር ነበር።»

ፊንታን ፊቱን ከመስኮቱ ወደ ሳጥኑ መለሰ።

«ዞሮ አየኝ። ከዚያ እየተንፏቀቀ በእሳቱ ውስጥ መጣ። የራሱን ጠርሙስ ነቅሎ ለእኔ ሰካው። ማጥፊያው አልቆ ስለነበር እሳቱን በእጁ መታው። ጓንቱ ነደደ፤ እሱ መምታቱን አልተወም። ሄክተር አውሮፕላኑን አየር ወዳለበት ቁልቁል እያወረደው ነበር፤ ግን ሩቅ ነው፣ እማ፤ ከዚያ ከፍታ መውረድ ጊዜ ይወስዳል። ስነቃ እሳቱ ጠፍቷል። ካሃል ግድግዳውን ተደግፎ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያንቀላፋ ሰው አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ተነስ አልኩት። ደርሰናል፣ ተነስ አልኩት።»

ሆኖር መቁጠሪያዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። «የእማ ቀሚስ» ብላ ስም ያወጣችው ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ባርትሊ ብሎን መፍቻውን እያሻሸ፣ «ለንጉሣቸው አይደለም የሞተው» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እንዲያ የሚል ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ኡና ግን ወደ ሟቹ አልነበረም የምታየው። ዓይኗ ፊንታን ላይ ተተክሏል። በሁለት ቀን ለቅሶ ያልታየባት ነገር ፊቷ ላይ መጣ። ሐዘን አልነበረም። ሐዘንማ ያለቀ ነገር ላይ ነው። ይህ ገና ያላለቀ ነበር።

«አንተ ደግሞ ወደዚያው ትመለሳለህ» አለች።

*

ካሃልን ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ ቀበሩት። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ባርትሊ ነበር። መሬቱ ርጥብ ስለነበር አፈሩ ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ፊንታንን በየተራ ጥግ እያስያዘ መከረው። አየርላንድ ገለልተኛ አገር ናት፤ የእንግሊዝ ወታደር ድንበር ተሻግሮ ሊይዘው አይችልም። ከሱ በፊት ለዕረፍት መጥተው የቀሩ ሞልተዋል።

«የመሥሪያ ቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፤ እኔም አርጅቻለሁ» አለው ባርትሊ። «ጀልባ መሥራት አስተምርሃለሁ። ጀልባ ሲበላሽ ቢያንስ ወደ ታች ብዙ አይወርድም።»

ፊንታን ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊዞርበት ሲል አቆመው። መቅረት አምሮት ነበር። በቀን መቶ ጊዜ ያምረዋል። ድንች ሲልጥ ያምረዋል፤ የሆኖርን ላም ድምፅ ሲሰማ ያምረዋል። ወደዚያ አዳራሽ ተመልሶ ካርታው ሲገለጥ ማየትን ሲያስብ ይብስ ያምረዋል።

ሊሄድ በነበረበት ጠዋት እናቱ ገንፎውን አቅርባለት ከፊቱ ተቀመጠች።

«ብትቀር ይይዙሃል?»

«አይይዙኝም።»

«ታዲያ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሄክተር አለ። የሬዲዮው ልጅ አለ፤ ባለፈው ወር ነው ያገባው። ያ አውሮፕላን አንደኛው ሞተሩ አመለኛ ነው፤ ሲያጉረመርም እኔ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሰጧቸው እስኪያውቀው ድረስ...» መጨረስ አልቻለም። «እዚህ ብቀር ጠዋት ጠዋት ሰማዩን እያየሁ እቆጥራቸዋለሁ። ካሃል ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እቤት ቁጭ ብሎ መፍራት ይብሳል አለኝ።»

«እኔስ?» አለች ኡና። ድምፅዋ አልጮኸም። «እኔ የት ሄጄ ነው የምፈራው? ቤት ቁጭ ብሎ መፍራት የኔ ሥራ አይደለም እንዴ?»

እሳቱ ተንጣጣ። እሱ አንገቱን ደፋ።

«አንዱን ሳጥን አስከፈትኩ» አለች። «ሁለተኛ አላስከፍትም። ሰማኸኝ? ከላኩልኝ በር ላይ ነው የምመልሰው። በእግርህ ነው የምትመጣው።»

«እሺ እማ።»

«እሺ አትበለኝ። ካሃልም እሺ ይለኝ ነበር።»

ተነስታ ጥቁር ሻሏን ለበሰች። አብራው እስከ መንገዱ ወረደች። ነፋሱ ከባሕር ይመጣል። አውቶቡሱ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ሲል ፊንታን ሊያቅፋት ዞረ፤ እሷ ግን እጇን አልዘረጋችም። እንደ ተቆጣች ቆጠረው። ግንባሯን ሳማትና አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። በሁለት እጁ ጉልበቱን ያዘው።

ሾፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ኡና ደረጃውን ይዛ ወጣች። መንደሩን ለቃ ከሄደች ዘመን አልፏታል፤ ለዛሬም የትም የምትሄድበት ጉዳይ አልነበራትም። ሾፌሩ ሻሏን አየ፤ ፊቷን አየ፤ ወዴት ነሽ ሳይላት በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

መጥታ ከልጇ ጎን ተቀመጠች። አውቶቡሱ የድንጋይ አጥሮቹን፣ ረግረጉን፣ ትንሹን ሐይቅ እያለፈ ሄደ። መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ ሳይጠየቅ አቆመ። ኡና ተነሳች፤ የልጇን ኮት አንገትጌ ሳብ አድርጋ አስተካከለችና ወረደች።

አውቶቡሱ እስኪሄድ አልጠበቀችም። ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ወደ ቤቷ ትመለስ ጀመር።